አፑ አለቀ፣ አሁን ስቶር ላይ እንዴት ላውጣው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አፕ ሰርተው የጨረሱ ሰዎች ሚጠይቁኝ ነገር ሁሌ ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። ስለ ኮድ አይደለም ማወራው፣ ኮዱ ካለቀ በኋላ ስላለው ጣጣ ነው። ስቶር ስል የአንድሮይዱን ጉግል ፕሌይና የአይፎኑን የአፕል አፕ ስቶር ማለቴ ነው። እኔ የመጀመሪያ አፔን ስሰራ ኮዱ ሲያልቅ ስራው ያለቀ መስሎኝ ለሰው ሁሉ "የፊታችን ሰኞ ይወጣል" ብዬ አውርቼ ነበር፣ ከዛ ሰኞም አለፈ ሌላ ሰኞም አለፈ፣ እኔ ፎርም ስሞላ ወሩ አለቀ።

መጀመሪያ ማድረግ ያለብኝ ምንድነው?

አካውንት መክፈት። አፑ ገና ግማሽ ላይ እያለ ማለቴ ነው፣ ካለቀ በኋላ አይደለም። ምክንያቱም አካውንት ስትከፍቱ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ማንነታችሁ እስኪረጋገጥ ትጠብቃላችሁ፣ ስማችሁ መታወቂያው ላይ ያለውና ፎርሙ ላይ የሞላችሁት በአንድ ፊደል ከተለያየ ሊመለስባችሁ ይችላል። ይሄ ሁሉ እናንተ ኮድ እየጻፋችሁ ጎን ለጎን ሊያልቅ ሚችል ነገር ነው። ብዙ ሰው ሚዘገየው እዚህ ጋ ነው እንጂ አፑ ላይ አይደለም።

አካውንቱ ስንት ነው?

ጉግል ፕሌይ 25 ዶላር፣ አንዴ ከከፈላችሁ በቃ። አፕል ደግሞ 99 ዶላር በየዓመቱ። የአፕሉን ካላደሳችሁ አፑ ከስቶሩ ይወርዳል፣ ቀድሞ ያወረደው ሰው ስልኩ ላይ ይቆይለታል ግን አዲስ ሰው ማውረድ አይችልም። ስለዚህ ካርዱ ላይ ብር መኖሩን ማየት አትርሱ፣ በጣም ተራ ነገር ይመስላል ግን በዚህ ምክንያት አፑ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ።

በግል ስሜ ልክፈት ወይስ በድርጅት?

የተመዘገበ ድርጅት ካላችሁ በድርጅት ክፈቱ። ከሌላችሁ በግል ይሁን፣ ለአንድ አፕ ብላችሁ ድርጅት ለማቋቋም አትሩጡ።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። በግል ከሆነ አፕ ስቶር ላይ ሻጭ ተብሎ ሚወጣው ህጋዊ ስማችሁ ነው፣ የብራንድ ስም ማስገባት አትችሉም። ጉግል ላይ ደግሞ በግል አካውንት ገንዘብ ምታገኙበት አፕ ካወጣችሁ ሙሉ አድራሻችሁ ለማንም ሰው ይታያል፣ ይሄን ብዙ ሰው ሚያውቀው ከወጣ በኋላ ነው። በድርጅት ከሆነ ሁለቱም የደንስ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ዘጠኝ አሃዝ ያለው የድርጅት መለያ ነው፣ ደን ኤንድ ብራድስትሪት ሚባል ኩባንያ ነው ሚሰጠው። ለዚህ ጉዳይ በነጻ ይገኛል፣ ግን ቀን ይፈጃል፣ እና እዛ የተመዘገበው የድርጅት ስምና አድራሻ አካውንቱ ላይ ከምትሞሉት ጋር አንድ አይነት መሆን አለበት።

በድርጅት መክፈት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ቀጥሎ ከማወራው የ12 ሰው ነገር ትድናላችሁ።

12 ሰው ለ14 ቀን ሚባለው ምንድነው?

ይሄ በጣም ሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ከኖቬምበር 13፣ 2023 በኋላ የጉግል ፕሌይ የግል አካውንት የከፈተ ሰው አፑን ለህዝብ ከመልቀቁ በፊት ዝግ ሙከራ (የጋበዛቸው ሰዎች ብቻ አፑን ሚሞክሩበት) ማድረግ አለበት፣ ቢያንስ 12 ቴስተር (ሞካሪ) ለ14 ተከታታይ ቀን ገብተው መቆየት አለባቸው። መጀመሪያ 20 ሰው ነበር፣ 2024 መጨረሻ ላይ ነው ወደ 12 ያወረዱት። ስለዚህ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ 20 ነው ሚል ሰው ካጋጠማችሁ ውሸታም አይደለም፣ አልሰማም ነው።

ሰዎች ሚሳሳቱበት ቦታ እዚህ ነው። ኢሜይሉን ሊስት ውስጥ ማስገባት ብቻውን አይቆጠርም፣ ሰውየው ሊንኩን ከፍቶ ቴስተር እሆናለሁ ብሎ መቀበል አለበት፣ የተቀበለበት የጉግል አካውንትና ስልኩ ፕሌይ ስቶር ላይ የገባበት አካውንት አንድ መሆን አለበት። አንድ ሰው በ10ኛው ቀን ከወጣና ከተመለሰ የሱ ቀን እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ልክ 12 ሰው ይዛችሁ አትጀምሩ፣ 18 ወይ 20 ያዙ፣ ሰው ስልክ ይቀይራል፣ ይረሳል፣ ይሰለቻል።

14 ቀኑ ካለቀ በኋላም ወዲያው አይለቀቅም፣ ማመልከቻ አለው። ቴስተሮቹን እንዴት አገኛችሁ፣ ምን አሏችሁ፣ ምን አስተካከላችሁ ይላል። "ሁሉም ወደውታል" ብላችሁ ከጻፋችሁ ራሳችሁን እየጎዳችሁ ነው። በነዛ ሁለት ሳምንታት ቢያንስ አንድ ሁለቴ አፕዴት ልቀቁ፣ ያሏችሁን ጻፉ፣ ያስተካከላችሁትን ጻፉ።

ገንዘብ ከፍለን ቴስተር እንግዛ ወይ ሚለው ደግሞ ይመጣል። እኔ አልመክርም። ጭነውት ከፍተውት ሚያውቁ አይደሉም፣ እና የሙከራው ዋና ጥቅም እኮ ወረቀት ማሟላት አይደለም፣ የእናታችሁ አሮጌ ስልክ ላይ አፑ እንደማይከፈት ቀድማችሁ ማወቅ ነው።

ማክ የለኝም፣ አይፎን ላይ ማውጣት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን የሆነ ቦታ ላይ ማክ መኖሩ አይቀርም። የአይፎን አፕ ሚገነባው ኤክስኮድ በሚባል የአፕል ፕሮግራም ነው፣ ኤክስኮድ ደግሞ ማክ ላይ ብቻ ነው ሚሰራው። በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ሚያሰሩትን ፍለተር ወይ ሪአክት ኔቲቭ ስለተጠቀማችሁ ከዚህ አታመልጡም። ሰዎች ሚያደርጉት ወይ ኢንተርኔት ላይ ማክ በሰዓት ይከራያሉ፣ ወይ ኮዱን ተቀብሎ ገንብቶ ሚልክ ሰርቪስ ይጠቀማሉ፣ ወይ ጓደኛ ጋ ሄደው ይለምናሉ። ሶስቱም ይሰራሉ። ማይሰራው እውነተኛ አይፎን ላይ ሳያዩት ማውጣት ነው፣ ሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክ ሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ቆንጆ ሆኖ ስልክ ላይ ካሜራው ሲነካ ሚዘጋ አፕ ስንት አለ መሰላችሁ።

ለሙከራ ቴስትፍላይት ሚባል የአፕል አፕ አለ። የራሳችሁ ቲም እስከ 100 ሰው፣ ከውጪ ደግሞ እስከ 10,000 ሰው መጋበዝ ይቻላል፣ አንድ ቢልድ (ለሙከራ የሰቀላችሁት ቨርዥን) ሚቆየው 90 ቀን ነው።

ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) ስሰቅል ፕሌይ አልቀበልም አለኝ፣ ለምን?

አዲስ አፕ ከኦገስት 2021 ጀምሮ በአንድሮይድ አፕ በንድል ነው ሚሰቀለው፣ ኤፒኬ አይደለም። ለጓደኛ በቴሌግራም ምትልኩት ኤፒኬ ነው፣ ስቶር ሚፈልገው በንድሉን ነው፣ ከሱ ላይ ስቶሩ ራሱ ለእያንዳንዱ ስልክ ሚሆነውን እየቆረጠ ይሰጣል።

በንድል ሆኖም እምቢ ካላችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ቨርዥን ኮዱ (የአፑ የቨርዥን ቁጥር) ካለፈው መብለጥ አለበት፣ በየሰቀላው አንድ ጨምሩ። ሁለተኛ ታርጌት ኤፒአይ ሚባለው (አፑ የተዘጋጀለት የአንድሮይድ ቨርዥን) በየዓመቱ ከፍ ይላል፣ ከኦገስት 31፣ 2025 ጀምሮ አዲስ አፕም አፕዴትም አንድሮይድ 15ን ማለትም ኤፒአይ 35ን ታርጌት ማድረግ ነበረበት፣ በየዓመቱ ነሐሴ አካባቢ ሲመጣ አዲሱን ቁጥር ቼክ አድርጉ። ከቱቶሪያል የተቀዳ የድሮ ፕሮጀክት ከሆነ መቶ በመቶ እዚህ ጋ ነው ሚያዘው።

ፓኬጅ ኔም (ስቶሩ አፑን ሚለይበት ስም) በኋላ መቀየር ይቻላል?

አይቻልም። አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ከቱቶሪያል የመጣውን "ኮም ዶት ኤግዛምፕል" ሚለውን ደግሞ ፕሌይ ጭራሽ አይቀበልም።

ኪስቶር ፋይሌ (አፑ ሚፈረምበት ቁልፍ ያለበት) ጠፋ፣ አለቀልኝ?

ላያልቅ ይችላል። አሁን አዳዲስ አፖች ዋናው የመፈረሚያ ቁልፍ ጉግል ጋ ነው ሚቀመጠው፣ እናንተ ጋ ያለው የመስቀያ ቁልፍ ነው፣ እሱ ቢጠፋ የአካውንቱ ባለቤት ፕሌይ ኮንሶል (የጉግል የዲቨሎፐር ገጽ) ውስጥ ገብቶ እንዲቀየርለት መጠየቅ ይችላል፣ ጥቂት ቀን ጠብቆ ይቀጥላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ ቁልፉን ላፕቶፔ ላይ ብቻ አስቀምጬ ሃርድ ዲስኩ ሞተ፣ ባክአፕ የለም፣ ሌላ ኮፒ የለም። ያንን አፕ አፕዴት ማድረግ ስላልተቻለ በአዲስ ፓኬጅ ኔም እንደ አዲስ አፕ ማውጣት ነበረብኝ፣ ሬቲንጉም ቀረ፣ ያወረዱት ሰዎችም ብዙዎቹ አሮጌው ላይ ቀሩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ስለዚህ ቁልፉንም ፓስወርዱንም ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ ጊት (ኮድ ምታስቀምጡበት) ላይ ግን አትስቀሉት፣ በተለይ ክፍት ከሆነ።

ስሙ፣ ጽሁፉና ስክሪንሾቱ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የአፑ ስም ሁለቱም ጋ 30 ፊደል ነው። አፕል ከስሙ ስር ሌላ 30 ፊደል ንዑስ ርዕስ ይሰጣል፣ ከዛ ለሰው ማይታይ የ100 ፊደል የቁልፍ ቃል ቦታ አለው። እዛ ላይ ስሙ ውስጥ ያለውን ቃል አትድገሙ፣ ከኮማ በኋላም ስፔስ አትተዉ፣ ቦታ መብላት ነው። ጉግል ጋ የቁልፍ ቃል ቦታ ሚባል የለም፣ ያለው 80 ፊደል አጭር መግለጫና እስከ 4,000 ፊደል ረጅም መግለጫ ነው፣ ሰርች ሲያደርግ ከዛ ነው ሚያነበው። ይሄ ማለት ግን አንዱን ቃል ሃያ ጊዜ እየደጋገሙ መጻፍ አይደለም፣ ሰው ሚያነበው አድርጋችሁ ጻፉት። ስሙ ላይ "ቁጥር አንድ"፣ "ምርጥ"፣ "ነጻ" ምናምን ማለትና ኢሞጂ መጨመር ፕሌይ ላይ ክልክል ነው።

አይከን ለፕሌይ 512 በ512 ፒክስል፣ ለአፕል 1024 በ1024፣ የአፕሉ ትራንስፓረንት መሆን የለበትም። ፕሌይ 1024 በ500 የሆነ ባነርም ይፈልጋል። ስክሪንሾት ፕሌይ ለስልክ ከ2 እስከ 8፣ አፕል ከ1 እስከ 10። ቁጥሩን ለመሙላት አትጨነቁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስቱ ላይ ተጨነቁ፣ ሰርች ላይ ሚታዩት እነሱ ናቸው። የሎግኢን ገጽን መጀመሪያ ላይ ሚያደርግ ሰው አይገባኝም፣ ሁሉም አፕ እኮ ሎግኢን አለው፣ እናንተ ጋ ያለውን አሳዩ።

ምንም ዳታ አልሰበስብም፣ ፕራይቬሲ ፖሊሲ ያስፈልገኛል?

አዎ። ሁለቱም ሊንክ ይጠይቃሉ፣ ሊንኩም ሲከፈት ሚሰራ መሆን አለበት።

እና "ምንም አልሰበስብም" ሚለውን ደግማችሁ አስቡበት። ማስታወቂያ አስገብታችኋል? አናሊቲክስ (የተጠቃሚን እንቅስቃሴ ሚቆጥር)? ክራሽ (አፑ በድንገት ሲዘጋ) ሪፖርት ሚልክ ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ)? እነሱ ሚሰበስቡት እንደናንተ ነው ሚቆጠረው። ፕሌይ ላይ ምን ዳታ እንደምትሰበስቡ ምትሞሉበት ዳታ ሴፍቲ ሚባል ፎርም አለ፣ አፕል ጋም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ተመሳሳይ መጠይቅ አለ፣ ሁለቱም ላይ የምትሞሉት አፑ ከሚያደርገው ጋር መግጠም አለበት። የየላይብረሪውን ዶክመንት ከፍታችሁ ምን እንደሚሰበስብ እያያችሁ ሙሉ፣ አሰልቺ ነው ግን አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።

ሰው አካውንት ሚከፍትበት አፕ ከሆነ ደግሞ አካውንቱን እዛው አፑ ውስጥ ማጥፋት መቻል አለበት። አፕል ይሄን ከጁን 30፣ 2022 ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል፣ ጉግል ደግሞ ሰው አፑን ከስልኩ ካጠፋ በኋላም አካውንቱ እንዲጠፋለት ሚጠይቅበት የዌብ ሊንክ እንድትሰጡ ይፈልጋል። "ኢሜይል ላኩልንና እናጠፋለን" ብቻውን አይበቃም።

ሪቪው (ስቶሩ አፑን ሚመረምርበት) ስንት ቀን ይፈጃል?

አፕል በአማካይ 90 በመቶውን ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አያለሁ ይላል፣ ከልምድም ቅርብ ነው። ጉግል ላይ እስከ 7 ቀን ወይም ከዛ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ በተለይ አዲስ አካውንት ከሆነ። ስለዚህ የምርቃት ቀን ቆርጣችሁ ከዛ በፊት ባለው ቀን ማታ አትላኩ። ቀድማችሁ ላኩና ካለፈ በኋላ ያዙት፣ አፕል ላይ "እኔ ራሴ እለቀዋለሁ" ሚል ምርጫ አለ፣ ፕሌይ ላይም ማኔጅድ ፐብሊሺንግ ሚባለውን ካበራችሁ እናንተ እስክትጫኑ ይጠብቃል። ሰኞ ብዬ ያወራሁ ጊዜ ይሄን ባውቅ ኖሮ!

አፖች በብዛት ለምንድነው ሪጀክት ሚደረጉት?

ብዙ ሰው ውስብስብ ነገር ይጠብቃል፣ አብዛኛው ግን ሪቪው ሚያደርገው ሰው አፑን ማየት ስላልቻለ ነው። ሰውየው ስለናንተ አፕ ምንም አያውቅም፣ ሌላ አገር ነው ያለው፣ ከፍቶ ካልገባው ወይ ካልሰራለት ይመልሰዋል። የኔ አፕ መግቢያው በኤስኤምኤስ በሚመጣ ኮድ ነበር፣ ማሳያ ብዬ የራሴን ስልክ ቁጥር ሰጠሁ፣ ሰውየው ሊገባ ሲሞክር ኮዱ ለኔ መጣ፣ እኔ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ ላይ አራት ኮድና አንድ ሪጀክሽን። ከዛ በኋላ ለሪቪው ብቻ ሚሆን ቁጥርና ማይቀየር ኮድ ሰራሁ፣ እና ኖት ቦታው ላይ "በዚህ ግቡ፣ ይሄን ተጫኑ፣ ይሄ ይመጣል" ብዬ ጻፍኩ፣ አለፈ። ማሳያ አካውንቱ ውስጥ ዳታ ይኑርበት፣ ባዶ ገጽ አታሳዩ።

ሌላው ያላለቀ ነገር ነው። "በቅርቡ ይመጣል" ሚል በተን፣ ማይከፈት ሊንክ፣ የሙከራ ጽሁፍ፣ አፕል ጋ እነዚህ በሙሉ 2.1 ተብሎ በሚጠራው መመሪያ ይመለሳሉ። ያላለቀውን ገጽ ደብቁት፣ በሚቀጥለው ቨርዥን ይምጣ። ዌብሳይታችሁን ዝም ብላችሁ አፕ ውስጥ ከትታችሁ ከላካችሁ ደግሞ መመሪያ 4.2 ይጠብቃችኋል፣ ብሮውዘር ላይ ከሚገኘው የተለየ ምን አለው ነው ጥያቄው።

ፈቃድ ስትጠይቁ ምክንያቱን በደንብ ጻፉ፣ "ካሜራ ያስፈልጋል" ሳይሆን "የፕሮፋይል ፎቶ ለማንሳት" በሉ። ማትጠቀሙበትን ፈቃድ አውጡት፣ ፕሌይ ላይ ኤስኤምኤስና የጥሪ መዝገብ ሚጠይቅ አፕ በጣም ነው ሚጠበቀው። አይፎን ስክሪንሾት ላይ የአንድሮይድ ስልክ ምስል አታድርጉ። እና አፑ ለአይፎን ብቻ ቢሆንም አይፓድ ላይ ከፍታችሁ እዩት፣ ሪቪው ሚያደርጉት ብዙ ጊዜ እዛ ላይ ነው፣ በተኑ ከስክሪኑ ውጪ ስለወጣ ሪጀክት ሚደረግ አፕ ብዙ ነው።

ከተመለሰብኝስ?

አትናደዱ፣ የጻፉትን ሁለቴ አንብቡ። ካልገባችሁ አፕ ስቶር ኮኔክት (የአፕል የዲቨሎፐር ገጽ) ውስጥ መልስ መጻፍ ይቻላል፣ ሰው ነው ሚያነበው፣ በጨዋ ቋንቋ ጠይቁ፣ የስክሪን ቪዲዮ ቀርጻችሁ አያይዙ። ስህተት የነሱ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ይግባኝ አለ። ምንም ሳትነኩ ያንኑ ደግማችሁ አትላኩ። ጉግል ላይ ደግሞ ጥፋት ሲደጋገም አካውንቱ ራሱ ይዘጋል፣ ሌላ አካውንት ከፍቼ እሞክራለሁ ሚባለው ነገር አይሰራም፣ ተያያዥ መሆኑን ካወቁ እሱንም ይዘጉታል።

ከሽያጩ ስንት ይወስዳሉ?

መሰረታዊው ለረጅም ጊዜ 30 በመቶ ሆኖ ነው የቆየው፣ ትንሽ ዲቨሎፐር ከሆናችሁ ደግሞ 15 በመቶ። አፕል ላይ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ሚያገኝ ሰው ነው 15 ሚከፍለው፣ በራሱ ግን አይመጣም፣ ስሞል ቢዝነስ ፕሮግራም ሚባለው ላይ መመዝገብ አለባችሁ። ይሄን ሳያውቅ ብዙ ጊዜ 30 ሲከፍል የኖረ ሰው አለ። አፕልና ጉግል በክፍያ ጉዳይ ከገቡበት የፍርድ ቤት ክርክሮች በኋላ የክፍያ ህጉ ከአገር አገር እየተለያየ ስለሆነ ከማውጣታችሁ በፊት ያኔ ያለውን አንብቡ።

ይሄ ሁሉ ለዲጂታል ነገር ነው፣ ሰብስክሪፕሽን፣ የጌም ሳንቲም፣ ተጨማሪ ፊቸር። በእጅ ሚያዝ እቃ ወይም ታክሲ አይነት አገልግሎት ከሆነ በስቶሩ ክፍያ መሄድ የለበትም።

የባንክና የታክስ ፎርሙ ካልተሞላና የክፍያ ስምምነቱ ካልተፈረመ አፕል ላይ ግዢው በሙከራ እንኳን አይመጣም፣ ሰው ኮዱ ውስጥ ባግ ሲፈልግ ሁለት ቀን ያድራል። ሌላ ደግሞ ፕሌይ ላይ አንዴ በነጻ የወጣ አፕ በኋላ ሚሸጥ ማድረግ አይቻልም፣ ከውስጡ ነገር መሸጥ ግን ይቻላል።

አፕዴት ለሁሉም በአንዴ ልልቀቅ?

አይ። ፕሌይ ላይ በፐርሰንት ነው ምትለቁት፣ ከ5 ወይ ከ10 በመቶ ጀምሩ። አፕል ላይ ደግሞ በ7 ቀን 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ 100 በመቶ እያለ በራሱ ይሄዳል፣ ችግር ካያችሁ ማቆም ይቻላል። ሁለቱም ለአፕዴት ነው፣ የመጀመሪያው ልቀት ላይ የለም። ምክንያቱም ወደ ኋላ መመለስ ሚባል ነገር የለም፣ የተበላሸ ቨርዥን ሰው ስልክ ላይ ከገባ በኋላ ያላችሁ ምርጫ ቁጥሩ ከፍ ያለ አዲስ ቨርዥን መላክ ብቻ ነው፣ እሱም በሪቪው አልፎ።

ወጣ፣ ግን ሰርች ሳደርግ አላገኘውም?

ጠብቁ፣ አዲስ አፕ ሰርች ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዛ ቀጥታ ሊንኩን ለሰው ላኩ። ከዛ በኋላ ካልመጣ ክራሹን እዩ። ፕሌይ ላይ በቀን ከተጠቃሚው 1.09 በመቶ ክራሽ ካጋጠመው ወይ 0.47 በመቶው ላይ አፑ ደርቆ ከቀረ መጥፎ ጸባይ ተብሎ ይያዛል፣ ስቶሩም ብዙ አያሳየውም። ሬቲንግ ስትጠይቁ ደግሞ ሰውየው አንድ ነገር ተሳክቶለት ደስ ባለው ሰዓት ጠይቁት፣ ገና ሲከፍተው አይደለም፣ አይፎን ላይ መጠየቂያው ለአንድ ሰው በ365 ቀን ሶስቴ ብቻ ነው ሚመጣው። ሬቲንግ አትግዙ፣ ይታወቃል።

ለደንበኛ የሰራሁትን አፕ በኔ አካውንት ላውጣው?

አታውጡት። ደንበኛው የራሱን ይክፈት፣ እናንተን ተጠቃሚ አድርጎ ይጋብዛችሁ፣ የባንክና የጤና አይነት አፕ ከሆነ አፕል አገልግሎቱን ሚሰጠው ድርጅት ራሱ እንዲያወጣው ነው ሚፈልገው። "ለጊዜው በኔ ይውጣ" ብላችሁ ያወጣችሁት ካለ ከአካውንት ወደ አካውንት ማዛወር ይቻላል፣ ዳውንሎዱም ሬቲንጉም አብሮ ይሄዳል። ግን አዛውሩት ስትሏቸው ደንበኛው ገና አካውንት አልከፈተም ይሆናል፣ እና ከላይ ወዳለው የመጀመሪያ ጥያቄ ትመለሳላችሁ።